ድንበሩን ለጎረቤት መንገር

ዛሬ ኔትወርክ የሚማር ሰው ሰብኔት ላይ ሲደርስ የሚገጥመው የሒሳብ ልምምድ ነው፤ አንድና ዜሮ መቁጠር። ከሒሳቡ ጀርባ ያለው ታሪክ ግን የመሬት ክፍፍል ታሪክ ይመስላል።

እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው የኢንተርኔት ፕሮቶኮል አድራሻ የሚታደለው በሦስት መጠን ነበር። ክላስ ኤ ከ16 ሚሊዮን በላይ መሣሪያ ይይዛል፣ ክላስ ቢ 65,534፣ ክላስ ሲ 254። መሃል ላይ ምንም የለም። 300 ኮምፒውተር ያለው ተቋም ሲ ይጠበዋል፤ ቢ ከወሰደ ደግሞ ከ65 ሺህ በላይ አድራሻ ጦሙን ያድራል። ያኔ ግን ማን ግድ አለው? ባለ 32 ቢት አድራሻ ከአራት ቢሊዮን በላይ ነው፤ የማያልቅ ይመስል ነበር።

በ1985 ተቋማት የተሰጣቸውን ቆርሰው ሰብኔት የሚያደርጉበት ደንብ ወጣ። ቁራሾቹ ግን በተግባር እኩል መሆን ነበረባቸው። የከበደው መቁረሱ ሳይሆን ማሳወቁ ነው። ሪፕ የተባለው፣ በጊዜው የተለመደው የራውተሮች መነጋገሪያ፣ የኔትወርኩን ቁጥር ብቻ እንጂ ማስኩን አይልክም። ተቀባዩ ራውተር የጎረቤቱን ድንበር በራሱ ማስክ ይገምታል። መጠኑ ከተለያየ መልእክቱ መንገድ ይስታል።

በ1989 የወጣው ኦኤስፒኤፍ፣ በ1993 ደግሞ ሁለተኛው ሪፕ፣ ማስኩን ከአድራሻው ጋር አብረው ላኩ። ይኼኔ እኩል ያልሆነ ክፍፍል ተመቸ።

192.168.10.0/24ን እንውሰድ። 100፣ 50 እና 20 ኮምፒውተር ያላቸው ሦስት ክፍሎች፣ ሁለት ራውተር የሚያገናኝ አንድ መስመርም አለ እንበል። አራት እኩል ቦታ ብንቆርሰው ለእያንዳንዱ 62 ይደርሳል፤ መቶው አይገባም፣ መስመሩ ላይ ግን 60 ይባክናል። ከትልቁ ጀምረን /25፣ /26፣ /27 እና /30 ብንል ሁሉም ይገባል፤ ከ228 እስከ 255 ያለውም ለነገ ይተርፋል። ከትልቁ የምንጀምረው እያንዳንዱ ቁራሽ በራሱ መጠን ብዜት ላይ ማረፍ ስላለበት ነው።

በዚያው በ1993 ሲአይዲአር ይህንኑ ሐሳብ ለመላው ኢንተርኔት አዳረሰው፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ የሚባለው ክፍፍልም ቀረ። ክላስ ቢ እየተመናመነ፣ የራውተሮች የመንገድ ሰንጠረዥም እያበጠ ስለነበር ትልቅ ፋታ ሰጠ። ማዕከላዊው ክምችት ተከፋፍሎ ያለቀው ገና በ2011 ነው።

እና ከአድራሻ ኋላ ያለችው /26 የድንበር ድንጋይ ናት። ያለ እሷ ቁጥሩ የት እንደሚጀምር እንጂ የት እንደሚያበቃ አይናገርም።