ክራተም፦ ቅጠሉ ወይስ እንክብሉ?

ክራተም በታይላንድና በማሌዥያ የሚበቅል ዛፍ ነው፤ በዘሩ ከቡና ወገን ይመደባል። የጉልበት ሠራተኞች ድካም ለማስታገስ ቅጠሉን ያኝኩታል። ጫት የሚቅም ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል።

አሜሪካ ሲደርስ ግን ቃሉ ተለጠጠ። በነዳጅ ማደያ ሱቆች ዱቄቱም፣ እንክብሉም፣ በትንሽ ጠርሙስ የታሸገው ፈሳሽም ያው «ክራተም» ነው። ስለ ክራተም የሚደረገው ክርክር ውሉ የጠፋው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በቅጠሉ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ንጥረ ነገር ሚትራጋይኒን ነው። በአጭሩ «ሰቨን ኦኤች» የሚባለው ሌላው ውህድ በቅጠሉ ውስጥ ያለው እጅግ በጥቂቱ ነው፤ ሆኖም ሞርፊን በሚሠራባቸው የአንጎል ተቀባዮች ላይ ኃይሉ ብርቱ ነው። ይህን አጠንክሮ በእንክብል መሸጥና ቅጠል ማኘክ በምን ሒሳብ አንድ ስም ይጋራሉ?

በ2016 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የአደንዛዥ ዕፅ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ሁለቱንም ውህዶች በአስቸኳይ ሊያግድ ተነሥቶ፣ ተቃውሞ ሲበረታበት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሐሳቡን ሰረዘ። በ2025 የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ ሰቨን ኦኤች ቁጥጥር እንዲደረግበት ሲጠይቅ፣ ትኩረቱ የተፈጥሮ ቅጠሉ እንዳልሆነ ለይቶ ተናገረ። ልዩነቱን በግልጽ ማስቀመጡ ደግ ነው፤ ዘገየ እንጂ።

ታይላንድ ከ1943 ጀምሮ የከለከለችውን ቅጠል በ2021 ፈቅዳለች። የአሜሪካዋ አላባማ ግዛት ግን በ2016 ውህዶቹን ስታግድ ቅጠሉም አብሮ ታግዷል።