ከቆላ እስከ ደጋ በአንድ ሱሪ

በአማርኛ ልብስ ሁሉ አንድ ግስ የለውም። ጋቢ ይደረባል፣ ካባ ይለበሳል፣ ጫማ ይጠለቃል፤ ሱሪ ግን ይታጠቃል። ዝናርም ይታጠቃል፣ ጎራዴም ይታጠቃል። ቋንቋችን ሱሪን ከመሣሪያ ጎራ ያሰለፈው ያለ ምክንያት አይመስልም። ለጦር የሚወጣውም ሆነ ለአደን የሚወጣው ሰው መንገዱን የሚጀምረው ወገቡን በማሰር ነውና። ታዲያ ይህ የአዳኝ ትጥቅ ከየት ተነሥቶ የት ደረሰ? ዛሬ ገበያ ላይ «ለበጋም ለክረምትም ይሆናል» እየተባለ የሚቀርብልንን ሱሪ ለመምረጥስ ያለፈው ታሪክ ምን ይረዳናል?

ነገሩን የሚያከብደው የአገራችን አቀማመጥ ነው። ከፍታ በ1 ሺህ ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል። የአዋሽ ፓርክ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የባሌው ቱሉ ዲምቱ ግን 4,377 ሜትር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ20 ዲግሪ ይበልጣል ማለት ነው። ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ መንገደኛም በአንድ ቀን ውስጥ ከጎሐ ጽዮን ብርድ ወደ ሸለቆው ወበቅ ገብቶ፣ ማታ ደጀን ላይ እንደገና ጋቢ ያምረዋል። በሌላው ዓለም አዳኝ ሱሪውን እንደየወቅቱ ይቀይር ይሆናል፤ የእኛው ግን እንደየሰዓቱ መቀየር ሊኖርበት ነው።

የጥንቱ አዳኝ ይህን ችግር የፈታው ወፍራም ሱሪ በማሰፋት አልነበረም። የታጠቀው በቤት ተፈትሎ ሸማኔ የሠራው ጥጥ ነው። ስፌቱ ከላይ ሰፋ፣ ከጉልበት በታች ጠበብ ያለ ነበር፤ አንዳንዱም ባት ተሁለት እንደሚባለው ከባት አጋማሽ ላይ ይቆም ነበር። የላዩ ስፋት ዳገት ለመውጣትና በቅሎ ለመቀመጥ፣ የታቹ ጥበት ወይም እጥረት ደግሞ ከግራርና ከቀጋ እሾኽ ለማምለጥ፣ ወንዝም ለመሻገር ያመቻል። ብርዱን የሚከላከለው ሱሪው ሳይሆን ከላይ የሚደረበው ነበር። ጋቢ አለ፣ በርኖስ አለ፤ በመንዝ ደግሞ ከበግ ጠጉር የሚሠራው ባና አለ። ቆላ ሲወርዱ ይጠቀለላል፣ ደጋ ሲወጡ ይዘረጋል፣ ሌሊት ምኝታ ይሆናል። እንግዲህ «ለሁሉም አየር» የሚባለው ነገር በአባቶቻችን ዘንድ አንድ ልብስ ሳይሆን፣ ቀላል ሱሪና ከባድ ድርብ አንድ ላይ ሆነው ነበር።

ይህ ብልሃት ሁለት ጉድለት ነበረበት። አንደኛው የጥጥ ጠባይ ነው። ጥጥ ላብ ይመጣል፣ ለቆላ ፀሐይም ይስማማል፤ ከራሰ በኋላ ግን ይከብዳል፣ በቶሎ አይደርቅም፣ የገላን ሙቀትም ይወስዳል። ሁለተኛው ነጭነቱ ነው። ዝሆንና አንበሳ የገደለ ሰው ጎፈር ደፍቶ፣ እየፎከረ ከሕዝብ ፊት ሲቀርብ ነጭ ልብስ ያምርበታል። ጫካ ውስጥ ግን አዳኙ የሚፈልገው መታየትን ሳይሆን መሰወርን ነው።

የመሰወሪያው ቀለም በሩቅ አገር ተገኘ። ካኪ የሚለው ቃል ከፋርስኛና ከኡርዱ የመጣ ሲሆን ፍችው አፈርማ፣ አቧራማ ማለት ነው። በሰሜን ምዕራብ ህንድ፣ በፔሻዋር አካባቢ፣ በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. በሃሪ ላምስደን የተቋቋመው ጦር ይህን ቀለም መልበስ ጀመረ። ካኪ ከህንድ ውጭ በዘመቻ ከተለበሰባቸው የመጀመሪያዎቹ አገሮች አንዷ ደግሞ ኢትዮጵያ ናት። ጄኔራል ናፒየር 13 ሺህ ያህል ወታደርና 44 ዝሆኖች ይዞ በቀይ ባሕር ዳርቻ በዙላ በኩል ሲገባ፣ ከህንድ የመጡት ወታደሮች ከባሕር ጠረፉ ሐሩር ተነሥተው 3 ሺህ ሜትር ገደማ የሚደርሰውን ደጋ አቋርጠዋል። ዘመቻው ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ሞት ተፈጸመ። መቅደላን የምናስታውሰው በጀግንነቱና በተዘረፈው ቅርስ ነው፤ ይሁንና በኋላ የዓለም ወታደርና አዳኝ ሁሉ የሚለብሰው ጨርቅ ቀደም ብሎ ከተፈተነባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው የእኛ ዳገት እንደነበረ ማወቁ አይከፋም።

ሌላውም የህንድ ውርስ በስፌት በኩል መጣ። የጆድፑሩ ልዑል ፕራታፕ ሲንግ በ1897 እ.ኤ.አ. ለንግሥት ቪክቶሪያ 60ኛ ዓመተ ንግሥ በዓል ወደ እንግሊዝ ሲሄዱ፣ ጭኑ ላይ ሰፍቶ ባቱ ላይ የሚጣበቀው የፈረሰኛ ሱሪ በአውሮፓ ታወቀ። በእኛ አገር ይህን የመሰለው ቅርጽ ተፈሪ ሱሪ ተባለ። ራስ ተፈሪ መኰንን አልጋ ወራሽ የሆኑት በ1909 ዓ.ም. ነውና ስሙ ዘመኑን ይናገራል። ጭኑ ሰፊ፣ ባቱ ጠባብ መሆኑ ለአገሬው ዓይን እንግዳ አልነበረም፤ የቀድሞው ሱሪ በአዲስ መቀስ እንደተቆረጠ ያህል ነው። ለኮርቻ ይመቻል፣ እሾኽም ያልፈዋል። ነገር ግን ዝናብ ከመታው ከባት ላይ አልወጣም ስለሚል፣ የረጠበ ተፈሪ ሱሪ ለማውለቅ መታገል «ሱሪ ባንገት አውልቅ» ከመባል የማይተናነስ ፈተና ነው። ፈረስ ለመኪና ቦታውን ሲለቅም ያ ሱሪ ከአደባባይ እየራቀ ሄደ።

ካኪ ግን ቀረ። በ1922 ዓ.ም. የቤልጅግ መኮንኖች ማሠልጠን የጀመሩት የክብር ዘበኛ ጦር ካኪ ለብሶ፣ እግሩ ግን ባዶውን እንደሆነ በፎቶግራፍ እናየዋለን። በ1928 ዓ.ም. ጣልያን በአውሮፕላን ሲመጣ ነጭ ሸማ ከሰማይ ላይ ምን ያህል ጎልቶ እንደሚታይ በደም ተማርን። ከዚያ ወዲህ የአፈር ቀለም ከወታደሩ ወደ ገበሬው ተሻግሮ፣ በጎጃም ከቁምጣው ጋር አንድ ሆኖ የሥራ ልብስ ሆነ።

አደኑም በበኩሉ ተለወጠ። ሜጀር አይቨር ባክስተን የተባለ እንግሊዛዊ በ1908 እ.ኤ.አ. በደቡብ ምሥራቁ ደጋ የገደለው አጋዘን፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በሳይንስ ሊቃውንት ዘንድ አዲስ ዝርያ ሆኖ ተመዘገበ፤ እርሱም በኢትዮጵያ ብቻ የሚኖረው የደጋ አጋዘን ነው። በ1936 ዓ.ም. የዱር አራዊት ጥበቃ አዋጅ ወጣ፤ በ1962 ዓ.ም. ዋልያ የሚኖርበት የሰሜን ተራራ በሕግ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። አደን በፈቃድና በክልል የተወሰነ ሆኖ፣ የአዳኝ ሱሪ የሚታጠቀው አብዛኛው ሰው የፓርክ ጠባቂው፣ መንገድ መሪውና ቀያሹ ሆነ።

በከተማም ወራሽ አለው። በመርካቶና በፒያሳ መካከል የነበረውን አትክልት ተራ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። የመቂና የቆቃ ቲማቲም ከሸለቆው፣ ድንችና ጎመን ከደጋው በሌሊት መኪና እየመጡ እዚያ ይገናኙ ነበር። ቆላና ደጋ በአንድ ሜዳ፣ ክረምት ሲሆን ደግሞ በአንድ ጭቃ። ገበያው በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ፣ ከዚያም ወደ ለፍቶ፣ ኃይሌ ጋርመንት ወደሚባለው ሰፈር ተዛወረ፤ በልብስ ስፌት ወደሚጠራ ቦታ መሆኑ ነው። ጆንያ ተሸክሞ በዚያ ጭቃ የሚሮጠው ወዛደር ሱሪውን እስከ ባቱ ድረስ ሲጠቀልል ባት ተሁለትን ዳግም ሰፋው እንበል እንጂ ምን እንላለን? የሚፈልገውም አዳኙ የፈለገውን ነው፦ እግር የማያስር፣ ቶሎ የሚደርቅ፣ ጭነት የማይቀደው።

እንግዲህ ከቦንዳ ላይ የወጣ ሱሪ ለመምረጥ የሚሄድ አንባቢ ታሪኩን ይዞ ይሂድ። ቆሞ ሳይሆን ቁጢጥ ብሎ ይለካ፤ ጭኑና ጉልበቱ ላይ ከያዘው ዳገት አያስወጣውም። ጨርቁን እርስ በርሱ ይፈትገው፤ የሚንሿሿ ናይለን ድኩላ ከሩቅ ያስደነብራል። ጥጥ ብቻ ከሆነ ለቆላ በጋ ይውሰደው፣ ለደጋ ዝናብ ግን አይመነው፤ የራሰ ጥጥ በነፋስና በብርድ ላይ ሰው ይገድላል። ሱፍ ቢረጥብም ሙቀቱን አይከዳም፤ ይሁንና ይከብዳል፣ ጭጎጎትም ይሰበስባል። ለመካከለኛው ሁኔታ ጥብቅ ሽመና ያለው የጥጥና የፖሊስተር ቅይጥ ይሻላል። ወገቡ ከውስጥ ሌላ ሱሪ የሚያስገባ ይሁን። ቀለሙ የአፈር ወይም የደረቅ ሣር ይሁን፤ የገንዲን በሽታ የሚያስተላልፈው የቆላ ዝንብ ጥቁርና ሰማያዊ ስለሚስበው ጂንስ ለኦሞና ለጋምቤላ ቆላ አይመከርም። ስፌቱ መንታ፣ ኪሱ የሚዘጋ ይሁን።

ነጋዴው «ይህ ለሁሉም ወቅት ነው» ሲል ዋጋውን ከመከራከር በፊት አንድ ጥያቄ ይጠየቅ፦ ከላዩ የሚደረበውስ የት አለ? የመንዝ ሰው ባናውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሲወጣ የሚያውቀው ይህንኑ ነበር።