ጎንደር የክረምት ከተማ ናት

«በክረምት ጎንደር ልሄድ ነው» ስል እንጅባራ ውስጥ ያልሳቀብኝ የለም። «ሰው ለጥምቀት ይሄዳል፣ አንተ ለጭቃ!» አለኝ ጓደኛዬ። እውነቱን ነው። ጥር ላይ ጎንደር በእንግዳ ትጨናነቃለች፤ የፋሲል ጥምቀተ ባሕር ከቀሃ ወንዝ በተጠለፈ ውሃ ይሞላል። ሐምሌ ላይ ማን ይሄዳል?

እኔ ግን አስተማሪ ነኝ፤ ረዘም ያለ እረፍት የማገኘው ክረምት ላይ ብቻ ነው። እናቴ ደግሞ የምትመኘው ጥምቀትን አይደለም፤ ሐምሌ 7 ደብረ ብርሃን ሥላሴን መሳለም ነው። ስድሳ ዓመት አልፏታል፣ ጎንደርን አይታ አታውቅም። እናም ደብተር አውጥቼ ማቀድ ጀመርኩ። ስለ ከተማዋ ሳነብ ታዲያ ጓደኛዬን የምመልስበት ነገር አገኘሁ፦ ጎንደር መጀመሪያውኑ የክረምት ከተማ ናት።

ነገሩ በሁለት ግሦች ይገባናል። «ከተማ» የመጣው «ከተመ» ከሚለው ነው፤ በድሮዎቹ ዜና መዋዕሎች ከተማ ማለት የንጉሡ ሰፈር፣ ድንኳኑ የተተከለበት ቦታ ነበር። «ከረመ» ደግሞ ክረምቱን አሳለፈ ማለት ነው። ከጎንደር በፊት ነገሥታቱ ለረጅም ዘመን በድንኳን ይዞሩ ነበር። በበጋ ከነሠራዊታቸው ይዘምታሉ፣ ግብር ይሰበስባሉ፣ ይፈርዳሉ። ዝናቡ ሲገባ ወንዝ ይሞላል፣ አጋሰሱ ጭቃ ውስጥ ይቀራል፣ ዘመቻው ይቆማል። ያኔ ንጉሡ የሚከርምበት ቦታ ያስፈልገዋል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ይህ መክረሚያ ወደ ጣና ዙሪያ ተጠጋ፦ ሠርፀ ድንግል ጉዛራ፣ በኋላም ሱስንዮስ ጎርጎራና ደንቀዝ።

የሱስንዮስ ልጅ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. (1636 እ.ኤ.አ.) ጎንደርን ቆረቆረ። ድንኳኑን በድንጋይና በኖራ ተካው፤ ግንቡ 32 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። ከእሱ በኋላ የመጡት ነገሥታትም በበጋ መዝመታቸውን አልተዉም፤ ዝናብ ሲመጣ ግን የሚመለሱበት ቤት ነበራቸው። እኛ «ወቅቱ አይደለም» የምንለው ጊዜ ለእነሱ ቤት የሚገቡበት ነበር።

ለእኛ ለአገዎችስ? እዚህ ላይ ብዕሬ ትንሽ ይከብደኛል። ሠርፀ ድንግልም ሱስንዮስም አገው ምድር ላይ ዘምተዋል። ንጉሡ ጣና ዳር ሲከርም የእኛ አያቶች ደግሞ እፎይ ይላሉ ማለት ነው። ጎንደር ግን ያለ እነሱ አትኖርም ነበር። በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ከተማዋ ለከብት፣ ለማር፣ ለቅቤ፣ ለስንዴና ለቆዳ በአገው ላይ የተደገፈች መሆኗን፣ አገዎች በአንድ ጊዜ ሺህም ሺህ አምስት መቶም እየሆኑ ጭነው እንደሚመጡ ጽፏል። ራሱ ብሩስም በዚያው ዓመት ግንቦት ወደ አባይ ምንጭ ለመድረስ ሞክሮ ከመንገድ ተመልሷል። ወደ ግሽ የደረሰው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። መንገዱን የሚዘጋውም የሚከፍተውም ወቅቱና ጦሩ ነበሩ።

ስለዚህ ዕቅዴን እንዲህ ጻፍኩ። ሐምሌ 5 ከእንጅባራ በሚኒባስ፦ አዲስ ቅዳም፣ ዳንግላ፣ ዱርቤቴ፣ መራዊ፣ ባሕር ዳር። ወተት አባይ ላይ ግልገል አባይን እንሻገራለን፤ ከሰከላ ተነስቶ ወደ ጣና የሚወርደው የእኛው ውሃ ነው። ባሕር ዳር አድረን በወረታና በአዲስ ዘመን በኩል ወደ ጎንደር፤ እንፍራዝ አካባቢ ጉዛራን ለእናቴ አሳያታለሁ። ሐምሌ 7 ጠዋት ሥላሴ። ቤተ ክርስቲያኑ በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ከተማዋን ሲያቃጥሉ ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ነው። ጣሪያው ላይ ከመቶ በላይ የመላእክት ፊቶች ወደ ታች ያያሉ፤ ዝናብ ለመጠለል ከዚህ የተሻለ ጣሪያ የት ይገኛል? ከሰዓት ካባራ ግንቡን እናያለን። ጃንጥላ ሁለት፣ ቦት ጫማ ለእኔ፣ ጋቢ ለእናቴ። ለእንጅባራ ሰው ዝናብ ብርቁ አይደለም።

ይህን የጻፍኩት በ2015 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ነበር። ያን ክረምት የሆነውን ታውቃላችሁ። ጦርነቱ ክልሉን አዳረሰ፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ጉዞው ቀረ። በቀጣዩም ዓመት ደብተሩን አውጥቼ ቀኖቹን ብቻ አስተካከልኩ፤ አሁንም ቀረ። የድሮው ጦር ቢያንስ ዝናብ ሲመጣ ያርፍ ነበር። ሰኔ ሲገባ ገበሬውም ወታደሩም ወደየቤቱ የሚመለስበት ዘመን እንደነበረ ሳስብ፣ በጭካኔው በማማው በዚያ ዘመን እንኳ እቀናለሁ።

እናቴ ስለ ታሪኩ አትጠይቀኝም። ሐምሌ 7 ሲደርስ እዚሁ ቅርብ ያለው ቤተ ክርስቲያን ተሳልማ ትመለስና፣ ነጠላዋን ምድጃው አጠገብ እያደረቀች «እሱ ያውቃል፣ ለከርሞ ያድርሰን» ትላለች። ደብተሩ መደርደሪያው ላይ ነው። ጃንጥላዎቹን ገዝቻለሁ።