ገንዘብ የሌለበት ቦርሳ

መቼም ቦርሳ ሲባል እጃችን ወደ ኪሳችን ይሄዳል። የቢትኮይኑ ዋሌት ግን አንድም ሳንቲም የለበትም። ያለው ቁልፍ ብቻ ነው። ገንዘቡ የማን እንደሆነ የሚናገረው ብሎክቼይን የተባለው መዝገብ ነው። እንግዲህ የዋሌት ታሪክ ባጭሩ «መዝገቡን ማን ይሸከም?» የሚል ክርክር ነው።

እኛ የምናውቀው ዕቁብ ጸሐፊ አለው፤ ደብተሩም እሱ ዘንድ ነው። ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም የሚታወቀው ሰው (ወይም ሰዎች) እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2008 ባሰራጨው ጽሑፍ ጸሐፊውን አሰናበተው፤ ደብተሩን ሁሉም ይያዘው አለ። የመጀመሪያው ብሎክ ጥር 3 ቀን 2009 የሚል ቀን ተጽፎበታል።

ያኔ ዋሌትና መዝገብ አንድ ቤት ነበር የሚኖሩት። ፕሮግራሙን የጫነ ሰው ከመጀመሪያው ብሎክ ጀምሮ ሁሉን አውርዶ አንድ በአንድ ያጣራል። ቁልፎቹ ደግሞ ለብቻቸው በአንዲት ፋይል ይቀመጣሉ። መዝገቡ ትንሽ ስለነበር ማንም አላማረረም። ግን በየ10 ደቂቃው ገደማ አንድ ብሎክ ይጨመራል። ዛሬ መዝገቡ ከ600 ጊጋባይት አልፏል። ይህን በሞባይል ዳታ ማውረድ? እናንተው አስቡት!

ለነገሩ ሳቶሺ ይህን አስቀድሞ አስቦበታል። በዚያው በ2008ቱ ጽሑፍ፣ ትንሽ መሣሪያ የብሎኮቹን ራስጌ ብቻ ቢይዝ ይበቃዋል ብሏል። አንዱ ራስጌ 80 ባይት ነው፤ የዓመቱ ቢደመር 4.2 ሜጋባይት። ከ2011 ጀምሮ የመጡት ቀላል ዋሌቶች በዚህና መሰል መንገድ ሠሩ፤ አንዳንዶቹም ሰርቨር መጠየቅን መረጡ።

ታዲያ ቅለት በነፃ አይገኝም። ራሱ መዝገቡን ያልያዘ ሰው ሌላውን መጠየቅ አለበት፤ ሲጠይቅ ደግሞ የትኛው ሒሳብ የእሱ እንደሆነ ይናገራል። በ2012 ይህን ይሸፍናል የተባለ ማጣሪያ ቀረበ። በ2014 ተመራማሪዎች ማጣሪያው የተጠቃሚውን አድራሻዎች እንደሚያጋልጥ አሳዩ።

ሙሉ መዝገብ የሚያጣሩትም እፎይ ያሉት በ2015 ነው። በዚያ ዓመት ሁሉን አጣርቶ የድሮዎቹን ብሎኮች መሰረዝ ተቻለ፤ ከዋሌቱ ጋር አብሮ መሥራት የጀመረው ግን በ2016 ነው።

አንድ ነገር ግን አልተለወጠም። መዝገቡ ቢጠፋ ከሌሎች ይወርዳል፤ ቁልፍ ከጠፋ የሚወርድበት የለም። ጄምስ ሃውልስ የተባለው ዌልሳዊ በ2013 ሃርድ ዲስኩ ቆሻሻ መጣያ ገባበት። እሱ እንደሚለው ወደ 8,000 የሚጠጋ ቢትኮይን ቁልፍ ነበረበት። ቆሻሻውን ልቆፍር ብሎ ያቀረበውን ክስ ፍርድ ቤት በ2025 መጀመሪያ ውድቅ አደረገው። መዝገቡ በሺዎች ኮምፒውተሮች ላይ ዛሬም አለ፤ የእሱን ቢትኮይኖችም ለማንም ያሳያል። የሚከፍታቸው ግን ጠፋ።

ስለዚህ ዋሌት ስትመርጡ ስለ መልኩ ሳይሆን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ቁልፉ ማን ጋ ነው? መዝገቡንስ የሚያነብላችሁ ማነው?