ፈተናው ወይስ ዕጣው?

እስቲ እንዲህ እንበል። ከጭልሞ ደን ግርጌ የሚኖሩ አንዲት እናት ሆዳቸውን ቢቆርጣቸው ጊንጪን አልፈው አምቦ ሆስፒታል ገቡ። አልጋቸው አጠገብ የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪ ቆሟል። የዛሬው ፈተናው እሳቸው ናቸው። ሕመማቸውን ዘርዝረው ከነገሩት ዕድሉ ነው። ዝም ካሉት ወይም አፋን ኦሮሞ ካልቻለ ግን ወየው! ጓደኛው ግን ቀላል በሽተኛ ደርሶት ሊያልፍ ይችላል። «ሎንግ ኬዝ» የሚባለው ፈተና ከዕውቀት ጋር ዕጣንም ይለካል።

ለመሆኑ ይህን ዕጣ ለማስቀረት ማን ሞከረ?

በ1963 እ.ኤ.አ. በሎስ አንጀለስ ሃዋርድ ባሮውስ የተባለ የነርቭ ሐኪም ለሠዓሊዎች ሞዴል የነበረችውን ሮዝ ማክዊሊያምስን በሽተኛ መስላ እንድትተውን አሠለጠናት። ተማሪዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት በሽተኛ መረመሩ። «ሕክምና ሆሊውድ ሆነ እንዴ?» ብለው የተሳለቁበት ነበሩ። በዓመቱ፣ በ1964፣ የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ ተከፈተ። በ1975 ደግሞ ሮናልድ ሃርደን በስኮትላንድ ዳንዲ ተማሪን ከጣቢያ ወደ ጣቢያ እያዞረ የሚፈትነውን «ኦስኪ»ን ይዞ መጣ።

ጣቢያው መብዛቱ ትርፍ ሥራ አልነበረም። በ1978 አርተር ኤልስታይንና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት አንድን ኬዝ በደንብ የፈታ ሐኪም ሌላውን ይፈታል ማለት እንዳልሆነ አሳየ። አንድ በሽተኛ ለማንም ዋስ አይሆንም።

ነገሩ ወደኛም መጣ። ከ1998 ጀምሮ አሜሪካ ሄዶ በሐኪምነት መሠልጠን የፈለገ የኛ ሐኪም እዚያው ድረስ ተጉዞ በሽተኛ መሳይ ተዋንያንን በእንግሊዝኛ መመርመር ነበረበት። ፈተናው በኮሮና ምክንያት በ2020 ቆመ፤ በ2021 ጭራሹን ቀረ።

እኛ ከዚህ ታሪክ የተማርነው አንድ ነገር ነው፦ ተዋናይ በሽተኛም አገርና ቋንቋ አለው። እኛ ዘንድ «ልቤን አቃጠለኝ» ያለ ሁሉ ልቡን አልታመመም፤ ጨጓራው ሊሆን ይችላል። ይህን የማይል በሽተኛ መሳይ ከውጭ ተገልብጦ ቢመጣ ተማሪውን ለማን ያዘጋጀዋል? የአምቦው ተማሪ የሚፈተንበት ተዋናይ እንደ ጊንጪ ገበያተኛ ያውራ፤ ዝምም ይበል። ተማሪው መሳሳቱ ካልቀረ እዚያ ይሳሳት። እኚያ እናት ሲመጡ መለማመጃ አይሁኑ።