«ፋራንግ»፦ የባንኮክ አንድ ቀንና የ11ኛ ክፍል ጥያቄ

ወዳጆቼ፣ አጎቴን ለማሳከም ባንኮክ ሄጄ እንደነበር የምታውቁ ታውቃላችሁ። ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር «ከተማዋ እንዴት ናት? ምን በላህ? ማታስ ወጣ አልክ?» እያላችሁ ስትጠይቁኝ ከረማችሁ። የምርመራው ውጤት እስኪደርስ አንድ ሙሉ ቀን ነፃ ሆንኩ፤ አጎቴም «እኔን ቁጭ ብለህ ስታይ አትዋል» ብሎ አባረረኝ። የታሪክ መምህር ግን ከተማ ሲያይ ዓመተ ምሕረት እየቆጠረ ነውና ታገሱኝ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

ፈረንጅ ካልኩ አይቀር፣ ታይላንዶች ነጭን «ፋራንግ» ነው የሚሉት! የኛው «ፈረንጅ» የቅርብ ዘመድ ነው፤ ሁለቱም ከጥንቶቹ ፍራንኮች ስም ተነስተው በዓረብና በፋርስ ነጋዴዎች አፍ ዞረው የመጡ ናቸው። በወንዙ ጀልባ ላይ አንዲት እናት ለልጇ አንዱን ጎብኚ እያሳየች «ፋራንግ» ስትል ሳቄን መያዝ አቃተኝ። መርካቶ ያለሁ ነው የመሰለኝ።

ጠዋት በቻው ፕራያ ወንዝ በሕዝብ ጀልባ ወደ ታላቁ ቤተ መንግሥት ሄድኩ። ጉልበትና ትከሻ ሳይሸፈን አይገባም፣ መቅደሱ ውስጥ ደግሞ ጫማ ይወልቃል፤ ለኛ ይሄ እንግዳ አይደለም። የድሮዋን ዋና ከተማ አዩታያን በ1767 የበርማ ጦር አቃጥሎ አፈራረሳት። በ1782 ቀዳማዊ ራማ አዲሱን ከተማ እዚህ ሲቆረቁር ከአዩታያ ፍርስራሽ ጡብ በጀልባ እያስጫነ አመጣ። ቦታው ላይ ይኖሩ የነበሩትን ቻይናውያን ነጋዴዎች ደግሞ ወደ ደቡብ አዛወራቸው። የልማት ተነሺ ማለት እንግዲህ አዲስ ነገር አይደለም።

በግቢው ውስጥ ሰው የሚሰግድለት የቡድሃ ሐውልት ቁመቱ 66 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በአረንጓዴ ድንጋይ የተቀረጸ ሲሆን ልብሱ በዓመት ሦስት ጊዜ፣ እንደየወቅቱ፣ በንጉሡ እጅ ይቀየራል። ይሄ ሐውልት በ1779 ከላኦስ ከተማ ከቪየንቲያን በጦርነት የተወሰደ ነው። ታይላንዶች ግን ድሮም ቺያንግ ማይ የነበረ ነው ይላሉ። እኔ ለንደን ያለውን የመቅደላ ንብረት አሰብኩ። አንድ ላኦሳዊ መምህር እዚያው አጠገቤ ቆሞ ቢሆን ምን ይሰማው ነበር?

አሁን ወደ ጥያቄው። ያስተማርኳችሁ ልጆች ታስታውሳላችሁ፣ በየዓመቱ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ታይላንድም አልተገዛችም ይባላል፤ እንዴት?» ይላል። መልሱ እዚያው ግቢ ውስጥ በድንጋይ ቆሟል። በ1882 የተጠናቀቀው የቻክሪ አዳራሽ ከታች ሙሉ በሙሉ አውሮፓዊ ሕንፃ ነው፤ ጣሪያው ግን ሹል የታይ ጣሪያ። ሰዉ ራሱ «የታይ ዘውድ የደፋ ፋራንግ» እያለ ይቀልድበታል። ያሠራው ንጉሥ ቹላሎንግኮርን ዙፋን ላይ የወጣው በ1868 ነው፤ አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ባለፉበት ዓመት። በ1910 ሲሞት ምኒልክ ገና በሕይወት ነበሩ።

ሲያም (ያኔ ስሟ ይሄ ነበር) ቅኝ ያልተገዛችው ግን በነፃ አይደለም። ገና በ1855 ከእንግሊዝ ጋር በተፈረመው ውል የገቢ ዕቃ ቀረጥ ከ3 በመቶ እንዳይበልጥ ታስሮ ነበር፤ እንግሊዛዊ ቢያጠፋ እንኳ የሲያም ዳኛ አይዳኘውም። በ1893 የፈረንሳይ የጦር መርከቦች እኔ በጀልባ በተንሸራሸርኩበት በዚያው ወንዝ ላይ እየተኮሱ እስከ ባንኮክ ገቡ። ንጉሡ ከሜኮንግ ወንዝ ማዶ ያለውን የላኦስ ምድር ለቀቀ፣ ካሳም ከፈለ። በ1907 የአንኮር ፍርስራሽ ያለበትን የካምቦዲያ ምዕራብ ለፈረንሳይ፣ በ1909 አራት የማላይ ግዛቶችን ለእንግሊዝ ሰጠ። መሐሉ እንዲተርፍ ዳር ዳሩን ቆርሶ መስጠት ማለት ነው። ባርነትን ያስቀረ፣ ባቡር የዘረጋ ሰው ነው፤ አልፈርድበትም።

የሚገርመው ቀኑ ነው። ጥር 1896 ላይ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለንደን ተቀምጠው የቻው ፕራያን ሸለቆ ማንም እንዳይነካ ተስማሙ፤ በሁለቱ ቅኝ ግዛቶች መሐል ክፍተት ፈልገው። ሰባት ሳምንት ሳይሞላ አድዋ ሆነ። ሁለቱም «ያልተገዙ» ተብለው በአንድ መስመር ይጻፋሉ።

ከቤተ መንግሥቱ ጎን ዋት ፖ አለ። 46 ሜትር የሚረዝመውን ጋደም ያለ ቡድሃ ሁሉም ፎቶ ያነሳዋል። እኔን ያስቆመኝ ግን ግድግዳው ነው። በ1830ዎቹ ሣልሳዊ ራማ የሀገሩን የሕክምና እውቀት፣ የመድኃኒት ቅመማውን፣ የወጌሻውን ሥራ ሳይቀር በድንጋይ ላይ አስቀርጾ ማንም ማንበብ የሚችል እንዲያነበው አደረገ። የኛ መድኃኒተኞች መጽሐፋቸውን ስንቱን ደብቀው ሞቱ? በሽተኛ ይዤ እዚያ ድረስ የሄድኩ ሰው ነኝና ይሄ ነገር ከነከነኝ።

ምሳ። ፓድ ታይ የሚባለውን የሩዝ ፓስታ በሉት፣ ጥሩ ነው፤ ግን ጥንታዊ ምግብ እንዳይመስላችሁ። ኑድሉ ከቻይና የመጣ ሲሆን የሀገር ምግብ ተብሎ የተስፋፋው በማርሻል ፊቡን ዘመን፣ የአገሪቱ ስም በ1939 ከሲያም ወደ ታይላንድ በተቀየረበት ሰሞን ነው። እኔን የገደለኝ ሶም ታም ነው፤ ጥሬ ፓፓያ ከቃሪያ ጋር በሙቀጫ ተወቅጦ። ሚጥሚጣ የለመድኩ ነኝ ብዬ ተኩራርቼ እንባዬ ወረደ። ቃሪያው፣ ፓፓያው፣ ቲማቲሙ፣ ለውዙ፣ ሁሉም ከአሜሪካ አህጉር ከኮሎምበስ በኋላ የመጣ ነው። የኛም በርበሬ እንደዚያው። ፖርቹጋሎች አዩታያ የደረሱት በ1511፣ ልብነ ድንግል ዘንድ ደግሞ በ1520 ነው።

ሲመሽ ያዋራት ሄድኩ፣ የነዚያ የተነሱት ቻይናውያን የልጅ ልጆች ሰፈር። ጎዳናው ሙሉ ጋሪ፣ ጭስ፣ የወርቅ ቤት። ምን አለፋችሁ፣ የከተማዋ ምርጥ ሰዓት እሱ ነው።

ከዚያ ፓትፖንግ። ስሙን የሰማችሁ ትኖራላችሁ። ይህ የሌሊት ገበያ በ1960ዎቹ በቬትናም ጦርነት ነው የደራው፤ አሜሪካ ታይላንድ ውስጥ የጦር ሰፈሮች ነበሯት፣ ወታደሮቿም ለእረፍት ባንኮክ ይላኩ ነበር። ጦርነቱ አለቀ፣ ገበያው ቀረ። በር ላይ ቆመው ደንበኛ የሚጠሩት ሴቶች ብዙዎቹ ኢሳን ከሚባለው ድሃ ገጠር የመጡ ናቸው፤ ለቤተሰብ ገንዘብ ይልካሉ። ቤሩትና ሪያድ ያላችሁ ተማሪዎቼ በዓይኔ መጣችሁ። ሥራው ሌላ ነው፣ አውቃለሁ። የሚላከው ገንዘብ ግን ያው የወንድም የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የእናት ቤት ቆርቆሮ ነው።

ማታ 4 ሰዓት ላይ በሰማይ ባቡሩ ተመለስኩ። የቤተ መንግሥቱን፣ የዋት ፖንና የያዋራትን ፎቶ ከታች አያይዣለሁ። የፓትፖንግ የለም፣ አላነሳሁም።