አጀንዳ ወይስ ስልክ?



ማኅበራችን የሚሰበሰበው ወር በገባ በ21 ነው። ይህን ልማድ የወረስነው ከእናቶቻችን ነው። እነሱ ጽዋቸውንና ዕድራቸውን በ12፣ በ21 ወይም በ29 እያሉ ያለ ወረቀት ይይዙት ነበር። ከጳጉሜን በቀር ወሩ ሁልጊዜ 30 ቀን ስለሆነ ቀኑ አይዛነፍባቸውም። ሙስሊም እህቶቻችንም በዚሁ ቀን አብረውን ይገኛሉ።

ቀን የታተመበት ደብተር የመጣው ከንግድ ዓለም ነው። በ1812 እ.ኤ.አ. ጆን ሌትስ የተባለ የለንደን የጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴ እንዲህ ያለውን ደብተር ለገበያ አቀረበ። እኛ “አጀንዳ” የምንለው የዚያ ዘር ነው፤ አገር ውስጥ የሚታተሙት ብዙዎቹ ግን የእኛንና የፈረንጆቹን ቀን ጎን ለጎን ያሳያሉ። በ1996 እ.ኤ.አ. ፓልም ፓይለት የተባለው በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ገበያ ላይ ዋለ፤ ቀጠሮም ከወረቀት ወደ ኤሌክትሮኒክስ መሻገር ያዘ። ዛሬ ያ ሥራ ስልካችን ውስጥ ገብቷል። ብዙዎቻችን የያዝነው ስልክ ግን ወሩን የሚቆጥረው በፈረንጆቹ ነው።

ይህ ምን እንደሚያስከፍል በ2017 ዓ.ም. አየን። መስከረም 21 ኦክቶበር 1 ዋለ። አንዲት እህታችን ስልኳ በየወሩ በ1 እንዲያስታውሳት ሞላችው። ኦክቶበር ግን 31 ቀን አለው። ስልኩ ኖቬምበር 1 ሲጮህ በእኛ ጥቅምት 22 ሆኖ ነበር። መጥታ በሩን ዝግ አገኘችው። ለእንጀራ ሥራዋ ጤፍ የምትገዛበት ብድርም ወደሚቀጥለው ወር ተላለፈ። እኛም ቸልተኛ ብለን ቀጣናት። በኋላ ስልኳን ከአጀንዳው ጋር ስናመሳክር አፈርን፤ ቅጣቱንም መለስንላት።

ከዚያ ወዲህ የስብሰባና የብድር ቀን የሚጸናው በአጀንዳው ነው። ቢጠፋ ወይም ቢረጥብ እንዳንቸገር ጸሐፊዋና ገንዘብ ያዥዋ አንዳንድ ቅጂ ይይዛሉ። ስልኩን አልጣልነውም፤ የ12ቱን ወር ቀን ከአጀንዳው እያየን አንድ በአንድ እንሞላዋለን። ማንበብ ለማይችሉ እናቶች ደግሞ ስልክ ያላት ጎረቤት ከዋዜማው ትነግራቸዋለች።

አንድ ነገር ከወዲሁ እናስታውስ፦ የ2019 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች። ስለዚህ የ2020 መስከረም 21 የሚውለው ኦክቶበር 2 ነው። የዚያን ዓመት ስልካችንን እንደገና እንሙላ።